ከተማችን የመዝናኛ ፓርክ ብትገነባ ትጠቀማለች? ከመፈረም በፊት የሚሠራ ሒሳብ

የመዝናኛ ፓርክ ሐሳብ ለከተማ ምክር ቤት ሲቀርብ በሥዕል ታጅቦ ነው የሚመጣው። ከሥዕሉ ጋር «በዓመት ይህን ያህል ጎብኝ፣ ለዚህ ያህል ወጣት የሥራ ዕድል» የሚል አንድ ገጽ አለ። ይህ መመሪያ ያን አንድ ገጽ እንዴት እንደምትፈትሹት ያሳያል። የሚያስፈልጋችሁ ካልኩሌተር፣ የከተማውና የአካባቢው ካርታ፣ እንዲሁም መንገድ ላይ ቆማችሁ ሰው የምትቆጥሩባቸው ጥቂት እሑዶች ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን ለዩ። «ፓርኩ ያተርፋል ወይ?» የባለሀብቱ ጥያቄ ነው። «ከተማዋ ትጠቀማለች ወይ?» የእናንተ ነው። ፓርኩ እያተረፈ ከተማዋ ልትጎዳ ትችላለች። አንድ ቤተሰብ ፓርክ ገብቶ ያወጣው 2,000 ብር ድሮ እዚያው ከተማ ክትፎ ቤት፣ ኬክ ቤት ወይም ሲኒማ ቤት ያወጣው የነበረ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ዞረ እንጂ አዲስ ብር አልገባም። ለከተማዋ የሚቆጠርላት ከውጭ የመጣ ብር ነው፤ እሱም ቢሆን ተመልሶ ሳይወጣ እዚያው የቀረው።

ሰው መቁጠር

ካርታው ላይ ሕዝቡን በሦስት ክፈሉት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ቀለበት እንላቸዋለን። አንደኛው ከፓርኩ በር እስከ 1 ሰዓት መንገድ ድረስ የሚኖረው ነው። ሁለተኛው ከ1 እስከ 3 ሰዓት የሚርቀው፣ ሦስተኛው ደግሞ በሌላ ጉዳይ ከተማዋ መጥቶ የሚያድረው እንግዳ ነው። ርቀቱን በኪሎ ሜትር አትለኩት። እሑድ ጠዋት ልጆች ይዞ ወጥቶ ማታ በሚመለስ ሰው ሰዓት ለኩት። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድም ጉዞውን አቅልሎታል። ማታ ሲመለሱ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ያለው የመኪና ሰልፍ ግን ካርታው ላይ አይታይም። ያም ሆኖ ቢሾፍቱ ላይ የኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ የቆመው የከተማዋን ሕዝብ ብቻ ይዞ አይደለም። አዲስ አበባ በመጀመሪያው ቀለበት ውስጥ ስለገባችለት ነው። የእናንተ ከተማ እንዲህ ያለ ትልቅ ጎረቤት ከሌላት ሒሳቡ ከመነሻው ሌላ ነው።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ክፍል ስንት በመቶው በዓመት እንደሚመጣ ይገመታል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በበለጸጉ አገሮች ከመጀመሪያው ቀለበት ከ10 እስከ 30 በመቶ መውሰድ የተለመደ ስለሆነ፣ አማካሪዎች ያንኑ ቁጥር እንዳለ ይገለብጡታል። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ከፋይ የሚሆነው ቤተሰብ ስንት እንደሆነ መጣራት አለበት። ቀላሉ መንገድ በከተማዋ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶችን ተማሪዎች መቁጠር ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚችል ቤት የፓርክ ቲኬትም ይሞክራል።

ለምሳሌ ያህል በምናብ አንድ ከተማ እንውሰድ። በመጀመሪያው ቀለበት 600,000፣ በሁለተኛው 4,000,000 ሕዝብ አለ፤ በዓመት የሚያድረው እንግዳ ደግሞ 300,000 ነው። ከመጀመሪያው 8 በመቶ (48,000)፣ ከሁለተኛው 1.5 በመቶ (60,000)፣ ከእንግዶቹ 5 በመቶ (15,000) ቢመጡ ድምሩ 123,000 ይሆናል። በቀረበላችሁ ገጽ ላይ «ግማሽ ሚሊዮን ጎብኝ» የሚል ካለ፣ ቁጥሩ ከየትኛው ቀለበት በስንት በመቶ እንደመጣ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ «ከአገሪቱ ሕዝብ ብዛት አንጻር» ከሆነ ጥናት አልተሠራም ማለት ነው።

ቁጥር በምኞት ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ፍሊንት የምትባለው የአሜሪካዋ የሚሺጋን ከተማ አይታዋለች። የመኪና ፋብሪካዎቿ ሲዳከሙ ከተማዋን ያነሣል የተባለ አውቶወርልድ የሚባል ፓርክ በሐምሌ 1984 ተከፈተ። በዓመት 900,000 ሰው ይመጣል ተብሎ ነበር። ከመንፈቅ በኋላ ተዘጋ፣ በ1997 ፈረሰ። ዱባይም፣ ያ ሁሉ ቱሪስት እያላት፣ በ2016 መጨረሻ የከፈተችው ግዙፍ የፓርኮች ስብስብ ለ2017 ከ6 ሚሊዮን በላይ ጎብኝ ታስቦለት 2.3 ሚሊዮን ብቻ አገኘ። ቱሪስቱ ከተማው ውስጥ መኖሩ ፓርክ ይገባል ማለት አይደለም።

ከሰው ቁጥር ወደ ፓርኩ መጠን

ፓርክ የሚሠራው ለዓመቱ ድምር አይደለም፤ ለፋሲካ ማግሥት ብቻም አይደለም። በዓመት ውስጥ ካሉት በጣም የተጨናነቁ ቀኖች 15ኛው ወይም 20ኛው ነው መለኪያው። ለዋናው የበዓል ቀን ከሠራችሁ ቀሪውን ዓመት ባዶ ብረት ታስጠብቃላችሁ። ለተራ ማክሰኞ ከሠራችሁ ደግሞ በበዓል ቀን ሰው ተሰልፎ፣ ተናድዶ ይመለሳል፤ ሁለተኛም አይመጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዓመቱ 16 በመቶው በአንድ ሞቅ ያለ ወር ቢመጣ 19,680 ሰው ነው። ይህን ለ4.4 ሳምንት አካፍሉት፤ በሳምንት ወደ 4,470 ይሆናል። ከሳምንቱ 30 በመቶው እሑድ ከመጣ 1,340 ያህል። ከእነዚህ በአንድ ጊዜ ግቢው ውስጥ የሚገኙት 70 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ወደ 940 ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው በሰዓት ቢያንስ 1.5 ጊዜ የሚጫወትበት ወይም የሚያየው ነገር ካላገኘ ሰልፍ ላይ እየዋለ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹ በድምሩ በሰዓት 1,400 ያህል ሰው ማስተናገድ አለባቸው።

የመሣሪያ ሻጭ የሚነግራችሁን አቅም እንዳለ አትውሰዱ። 24 መቀመጫ ያለው ተሽከርካሪ ፈረስ ማውጣትና ማስገባቱን ጨምሮ አንዱን ዙር በ4 ደቂቃ ቢጨርስ፣ በሰዓት 15 ዙር ሆኖ 360 ሰው ይመስላል። እናት ሕፃኗን ስታስቀምጥ፣ ቀበቶ ሲታሰር፣ አንዱ ልጅ አልወርድም ሲል ደቂቃው ይሄዳል፤ መቀመጫውም ሁልጊዜ አይሞላም። 75 በመቶውን፣ 270 ብላችሁ ያዙ። ለምናባዊው ከተማ እንዲህ ያሉ 5 ወይም 6 መሣሪያዎች ይበቃሉ። ሥዕሉ ላይ 25 መሣሪያ ካለ አንድም ጎብኝው ተጋኗል፣ አንድም ከብረቱ ሽያጭ የሚጠቀም ሰው አለ።

ብሩ

ቲኬቱ 575 ብር ቢሆን 15 በመቶ ቫት ወጥቶለት 500 ይቀራል። የሕፃናት፣ የትምህርት ቤት ቡድንና የሥራ ቀን ቅናሽ ሲቀነስ በአማካይ በአንድ ሰው እጅ የሚገባው ከ60 እስከ 65 በመቶው ነው፤ 310 ብር በሉት። ምግብ፣ ለስላሳ፣ ፎቶና መጫወቻ 190 ብር ቢጨምር አንድ ጎብኝ 500 ብር ያስገባል። በ123,000 ሲባዛ 61.5 ሚሊዮን ብር ነው።

በዘርፉ የሚሠራበት አንድ ሻካራ መመዘኛ አለ፦ ጠቅላላ ግንባታው ከዓመታዊ ገቢው ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ካለፈ ፓርኩ ብድሩን ሲከፍል አዲስ ነገር መጨመር ያቅተዋል። ለዚህ ፓርክ ጣሪያው ከ123 እስከ 154 ሚሊዮን ብር ነው ማለት ነው። የ1 ቢሊዮን ብር ሥዕል ከቀረበላችሁ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ «ከተማው» ነው።

ከገቢው በየዓመቱ ከ5 እስከ 10 በመቶው ለእድሳትና ለአዲስ መጫወቻ ካልተቀመጠ ፓርኩ ያረጃል። የመጀመሪያው ዓመት ሰው «አዲስ ነው» ብሎ ይጎርፋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ቁጥር ለሃያ ዓመት የሚያባዛ ሠንጠረዥ ካያችሁ መልሱት።

አሁን የከተማዋን ድርሻ እንይ። የመጀመሪያው ቀለበት ሕዝብ በሙሉ የከተማው ነዋሪ ነው ብለን ብንይዝ የ48,000ዎቹ ብር አዲስ አይደለም። 15,000ዎቹ እንግዶችም ድሮም ይመጡ ነበር፤ አንድ አዳር ካልጨመሩ አይቆጠሩም። የቀሩት 60,000ዎቹ ፓርኩ ውስጥ 500፣ ከፓርኩ ውጭ ለነዳጅ፣ ለምሳና ለባጃጅ 300 ብር ቢያወጡ 48 ሚሊዮን ብር ገባ። ከዚህ ውስጥ ለመለዋወጫ፣ ለብድር ወለድ፣ ከሌላ ቦታ ለሚመጣ ዕቃና ለባለሀብቱ ትርፍ ተመልሶ የሚወጣ አለ። 45 በመቶው ከወጣ ከተማው ውስጥ የሚዞረው 26.4 ሚሊዮን ነው። ይህም የነዋሪው ዝውውር እንጂ የማዘጋጃ ቤቱ ገቢ አይደለም። ከተማው ለመንገድ፣ ለፍሳሽ መስመር፣ ለውሃ፣ ለካሳና ለምትክ ቦታ የሚያወጣውን ከዚህ ጎን አስቀምጡት።

ካሳው ላይ ትንሽ እንቆይ። ለፓርክ የሚመረጠው መሬት ብዙ ጊዜ የከተማ ዳር የእርሻ መሬት ነው። ጤፍ የሚዘራበትን ሰው በአንድ ጊዜ ክፍያ አንሥቶ ልጁን የፓርክ ጥበቃ ማድረግ «የሥራ ዕድል» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም። በሥራ ዕድሉ ሒሳብ ውስጥ ኑሮውን ያጣውን ገበሬ ቀንሱ። በዓመት 4 ወር ብቻ የሚሠሩ ሦስት ሰዎችንም አንድ ብላችሁ ቁጠሯቸው።

ዩባሪ

ከተማ ራሷ ባለቤት ስትሆን ምን እንደሚመጣ ለማየት የጃፓኗ ዩባሪ ትበቃለች። በሆካይዶ ደሴት ላይ ያለች የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች፤ በ1960 ሕዝቧ ከ110,000 ይበልጥ ነበር። ማዕድኑ እየተዘጋ ሲሄድ አስተዳደሩ «ከከሰል ወደ ቱሪዝም» ብሎ ተነሣ። በ1980ዎቹ የከሰል ታሪክ መንደር የሚባል የመዝናኛ ፓርክ ከነሙዚየሙ ገነባ፤ ሆቴልና የበረዶ መንሸራተቻም ያዘ። ጎብኝው ሲቀንስ ጉድለቱን በአጭር ጊዜ ብድር ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው እያዞረ ሸፈነው። በ2006 ነገሩ ሲወጣ ሊከፈል የሚገባው 35.3 ቢሊዮን የን ሆኖ ተገኘ፤ በ2007 ከተማዋ በመንግሥት ክትትል ሥር ገባች። የሠራተኛው ቁጥር ተቆረጠ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ወደ አንድ ተጠቃለሉ፣ ሕዝቧም ወደ 13,000 ገደማ ወርዶ ነበር። ዕዳውን የከፈለው ፓርኩን የነደፈው ሰው ሳይሆን እዚያ የቀረው ሽማግሌና ተማሪ ነው።

ለዚህ ነው ከተማ መሬት አቅርቦ ኪራይ ቢቀበል እንጂ የፓርክን ብድር እንዲሸከም ወይም ዋስ እንዲሆን የማንመክረው። የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ በ2000 የተከፈተ ፓርክ ነበራት፤ ከ2002 ጀምሮ ሲክስ ፍላግስ የሚባለው ትልቅ ኩባንያ ያስተዳድረው ነበር። በነሐሴ 2005 ካትሪና የሚባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ ዝቅተኛው መሬት በውሃ ተሸፈነ። ፓርኩ ዳግመኛ አልተከፈተም፤ ዝገቱ ለ19 ዓመት ያህል ቆሞ ማፍረሱ የተጀመረው በ2024 ነው።

ተቃራኒውም አለ። በቴነሲ የምትገኘው ፒጅን ፎርጅ 6,000 ያህል ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ ስትሆን ዶሊውድ ፓርክ ግን በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገባበታል። አጠገቧ በአሜሪካ ብዙ ሰው የሚጎበኘው ብሔራዊ ፓርክ ስላለ መኪናው ድሮም በበሯ ያልፍ ነበር። በኔዘርላንድስ በ1952 የተከፈተው የኤፍተሊንግ ፓርክ ደግሞ ባለቤቱ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው፤ ትርፉ ወደ ፓርኩ ይመለሳል። ዲዝኒ በ1955 በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ላይ 65 ሄክታር ያህል ይዞ ሲከፍት በዙሪያው ያለውን መሬት ሌሎች ገዝተው ሆቴል ሠሩበት። ለዚህ ነው ፍሎሪዳ ሲሄድ ከ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ አስቀድሞ የገዛው። ዋጋው የሚጨምረው በዙሪያው ያለው መሬት ነው። ከተማዋ ፓርኩ ከመታወጁ በፊት በ1 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ለጨረታ ሳታወጣ ብትይዝ፣ ከቲኬቱ ይልቅ እዚያ ትጠቀማለች።

የኛ የዘመን አቆጣጠርና የኛ ሰማይ

አውሮፓ ውስጥ ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት ፀሐይ ባለበት ወቅት ነው። እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ፣ ልጆቹ ነፃ በሆኑበት ጊዜ፣ ዝናብ ነው። ከውጭ የተገለበጠ የገቢ ሠንጠረዥ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ከመጫወቻው ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ጣሪያ ሥር ይሁን፤ ሰልፍ መያዣዎቹም ይሸፈኑ። ሰው የሚመጣው በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀት ሰሞን፣ በፋሲካ ማግሥትና በኢድ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ምግብ ቤቱ የጾም ምግብና ጭማቂ ካላዘጋጀ የምግብ ገቢው ይሞታል፤ በረመዳን ደግሞ አምሽቶ መዝጋት ያዋጣል። በሥራ ቀን ፓርኩን የሚሞሉት የትምህርት ቤት ጉዞዎችና የሙሽራ ፎቶ ናቸው፤ ለሁለቱም የተለየ በርና ዋጋ ይኑር።

ከፍታውም ይታሰብ። 2,300 ሜትር ላይ ቱርቦ የሌለው ጄነሬተር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም፤ በየ300 ሜትሩ ከ3 በመቶ ያላነሰ ይጎድለዋል። ትልቅ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ሁለቱ ሲደመሩ መብራት በሄደ ጊዜ ጄነሬተሩ ይነሣል፣ መሣሪያው ሲነሣ ያጠፋዋል። አቅራቢው ለከተማችሁ ከፍታ የተሰላ የኃይል ሠንጠረዥ እንዲሰጥ፣ ሞተሮቹም ቀስ በቀስ በሚያስነሣ መሣሪያ (በሶፍት ስታርተር ወይም በኢንቨርተር) እንዲነሡ አስገድዱ። ደጋ ላይ የውሃ ፓርክ ከታሰበ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ልጅ ውሃ ውስጥ እንደማይቆይ አስባችሁ ሰዓቱን ቀንሱ። ከተማው በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ከሆነ የራሱ ጉድጓድ የሌለውን የውሃ ፓርክ ከነጭራሹ አትፍቀዱ።

ብረቱን በቅርብ ማየት

ያገለገለ መሣሪያ በርካሽ ይመጣል። ስም ሰሌዳው፣ የአምራቹ መመሪያ፣ የጥገና መዝገቡና የሳልዳቱራ (የብየዳ) ስንጥቅ ምርመራ ውጤቱ አብረው ካልመጡ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አይገዛ። አዲስም ከሆነ የመዝናኛ መሣሪያ ደኅንነት ደረጃ የሆነውን አይኤስኦ 17842 ወይም የአውሮፓውን ኢኤን 13814 ማሟላቱን የሚያረጋግጥ የሦስተኛ ወገን ሰነድ ይቅረብ።

ከመክፈቻ በፊት የሚደረገው የጠዋት ፍተሻ ምን እንደሚመስል የምክር ቤት አባላት አንድ ቀን ቆመው ቢያዩ መልካም ነው። በሰንሰለት የሚወዛወዝ መቀመጫ ላይ ቴክኒሻኑ እያንዳንዱን ማያያዣ በእጁ ይነካል። በቦሎንና በዳዶው ላይ የተሳለው ቀጭን የቀለም መስመር ከተሰበረ ዳዶው ላልቷል። ሳልዳቱራው ጠርዝ ላይ ከቀለሙ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ከታየ ውስጡ ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል መሣሪያው እስኪመረመር ይቆማል። ኩሺኔታው ሲዞር የሚያንቋቋ ድምፅ ይደመጣል፣ ግራሶው ይታያል፣ የእግር መያዣው ብረት በኃይል ይሳባል። ከዚያ ባዶውን ሦስት ዙር ይዞርና ሁለት ሰው ይፈርማል። ይህ ለአንድ መሣሪያ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። የሥራ ዕቅዱ ለ10 መሣሪያ አንድ ቴክኒሻን ካለ ፍተሻው በወረቀት ላይ ብቻ እንደሚደረግ ከአሁኑ እወቁ። የሚሳፈረው የእኛው ልጅ ነው።

መለዋወጫ ከውጭ ነው። የአንድ የተለየ መጠን ኩሺኔታ ኤልሲ (ዕቃ ለማስመጣት ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) ለወራት ከዘገየ ያ መሣሪያ ፋሲካን ቆሞ ያሳልፋል። ለሁለት ዓመት የሚበቃ መለዋወጫ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ግዥ ይግባ።

ውሉ ውስጥ የሚገባው

ኪራዩ ሁለት ክፍል ይሁን፦ ፓርኩ ቢከስርም የሚከፈል ቋሚ ኪራይና ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ የሚታሰብ ድርሻ። ከትርፍ ላይ የሚታሰብ ድርሻ አትቀበሉ፤ ትርፍ በወረቀት ላይ መጥፋት ይችላል። የበሩ ቆጣሪ መረጃ በየቀኑ ለከተማው ይድረስ። መሬቱ በምዕራፍ ይሰጥ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከዕቅዱ ቢያንስ 70 በመቶ ጎብኝ ሁለት ተከታታይ ዓመት ካላገኘ ሁለተኛው አይለቀቅ። ከግቢው የተወሰነው ክፍል ዛፍና ወንበር ያለው፣ ያለ ቲኬት የሚገባበት ይሁን፤ መክፈል የማይችል ቤተሰብም የከተማው ነዋሪ ነው።

ግምቱን ለአንድ ዓመት በትንሹ መሞከርም ይቻላል። ስታዲየም ወይም የኤግዚቢሽን ሜዳ ላይ ለበዓል ሰሞን 4 ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ተክላችሁ ቲኬት በተቆረጠ ቁጥር «ከየት መጡ?» ብላችሁ መዝግቡ። ከሌላ ከተማ የመጣው ከሦስት አንድ ካልሞላ ትልቁን ፓርክ ትታችሁ የሕዝብ መናፈሻውን አድሱ።

የመጨረሻው አንቀጽ ስለ መፍረስ ይሁን። ባለሀብቱ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያዎቹን ነቅሎ ኮንክሪቱን አንሥቶ መሬቱን ለማስረከብ የሚበቃ ገንዘብ በባንክ ዋስትና ያስይዝ። ዋስትናው በየዓመቱ ይታደስ፤ የዋጋ ንረቱም ይታሰብበት። ፓርኩ ለ12 ተከታታይ ወራት ከተዘጋ ከተማው ፍርድ ቤት ሳይሄድ ከባንኩ እንዲያወጣው ይጻፍ።